ቀን ያልተቆረጠለት ፈቃድ

ኖሪን ሃስኬት ሃያ ስምንት ዓመት የሠራች ነርስ ናት። ሥራ ፍለጋ ላይ ግን ዛሬም እንደ ጀማሪ ነው የምትንከራተተው። ሦስት ወር እዚህ፣ ሦስት ወር እዚያ እየተዋዋለች፣ ከአባቷ ከአቶ ኦርቪል ጋር ተጎታች ቤታቸውን ይዘው አገር ለአገር ይዞራሉ። ዘንድሮ የምትመኘው አንድ ከተማ ብቻ ነው፤ ዱሉት። ልጇ ቴስ በጥቅምት የበኩር ልጇን የምትወልደው እዚያ ነው።

ነርሶችን ከሆስፒታል የሚያገናኙት ደላሎች ግን መች ሰምተው! በቀን ሃያ ጊዜ ይደውላሉ፤ አንዱ አሪዞና ሂጂ ይላታል፣ ሌላው አላስካ። "ዱሉትን ለእኔ ተዪው" ያላት ደግሞ በማግስቱ ስልክ አያነሳም። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ። ብሮክ የሚባለው ወጣት ደላላ ብቻ ማመልከቻዋን ዱሉት ላለ ሆስፒታል የእውነት ላከላት፤ አስጠነቀቃትም።

"ተቀብለንሻል እስኪሉሽ ድረስ ስለ ወሊዱ ትንፍሽ እንዳትዪ። ገና ሳትገቢ ፈቃድ ከጠየቅሽ ሌላዋን ይወስዳሉ።"

ኖሪን ደላላ ሲሰለቻት ስልኩን ለአባቷ አስረከበች። አቶ ኦርቪል ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ አርባውን ዓመት ከባድ መኪና እየነዱ ከጭነት ደላላ ጋር ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። አዲሱ ሥራ ተስማማቸው።

አንድ ማክሰኞ ኖሪን ውጪ ልብስ ስታሰጣ ስልኩ ጮኸ።

"የማን ደላላ ነሽ አንቺ ደግሞ?" አሉ አቶ ኦርቪል።

"ሶልበርግ እባላለሁ፣ ከዱሉት..."

"ዱሉት የሚሉኝ በዝተዋል። እስቲ ልጠይቅሽ፤ ለአንዲት ነርስ ስንት በሽተኛ ይደርሳታል?"

"አራት። ሰው ሲጎድል አምስት።"

"ስንቴ ይጎድላል?"

"እውነቱን ልንገርዎት? ቶሎ ቶሎ።"

ደላላ እንዲህ አይናገርም። አቶ ኦርቪል ተመቻችተው ተቀመጡ።

"ነርሷ ምሳ ስትወጣ በሽተኞቿን ማን ያይላታል?"

"ሰው ከጠፋ እኔው ራሴ። የክፍሉ ኃላፊ ነኝ።"

"እሰይ! እንግዲያው በጥቅምት የልጅ ልጄ ስትወልድ ልጄ ብትሄድም በሽተኞቿን አንቺው ታዪላታለሻ!"

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ይህን ጊዜ በሩ ላይ የደረሰችው ኖሪን የያዘችው ፎጣ ከእጇ ወደቀ። "አባዬ፣ ጉድ ሠራኸኝ!" ብላ ስልኩን ነጠቀችና ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል፣ ሴትዮዋ ከት ብላ ትስቃለች።

"አባትሽን እንዳትቆጪ። በዚህ ወር አሥራ አንድ ነርስ አነጋግሬያለሁ፤ አንዷም ለምሳዋ አልተቆረቆረችም። ሳይጠይቁ ይገቡና ቆይተው ተማርረው ጥለውኝ ይሄዳሉ። አንቺን እፈልግሻለሁ። ፈቃዱ መቼ ይሁንልሽ?"

"እሱን የሚያውቀው... ሕፃኑ ነው" አለች ኖሪን በፍርሃት።

"እንደዚያው ብለን እንጽፈዋለና!"

ብሮክ ውሉን ሲልክላት "ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ቀን የሌለው ፈቃድ አይቼ አላውቅም" አላት። ወረቀቱ "ሕፃኑ ሲመጣ" ይላል። አቶ ኦርቪል ደጋግመው አስነበቧት፤ ኖሪንም በደስታ አለቀሰች።

በጥቅምት አጋማሽ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መድኃኒት እያደለች ሳለ አባቷ ደወሉ። "ምጥ ጀምሯታል! ምን ትጠብቂያለሽ?"

ሶልበርግ ኮሪደሩ ላይ ሆና ሰማች። እጅጌዋን ሰብስባ መጣች።

"ዛሬ እኮ ሰው ጎድሎ በሽተኞቼ አምስት ናቸው" አለች ኖሪን፣ እግሯ እየቸኮለ።

"ለአባትሽ ነግሬያቸው የለ? አስረክቢኝና ሂጂ።"