ከሲኒማ ራስ እስከ ቦሌ በጋሼ ከድር ሚኒባስ

ይህ ጉዞ አጭር ነው። ከሲኒማ ራስ ጀርባ ካለው ቤታችን ተነስቶ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ የሚመለስ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ። ለእንዲህ ያለ መንገድ ማስታወሻ የሚጽፍ ብዙ ሰው የለም። ሁለት ሕፃናትና አራት ሻንጣ ይዞ የሄደበት ግን ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል።

ታላቅ እህቴ ሰሚራ የሦስት ዓመቱን አብዱንና የሰባት ወሯን ሂባን ይዛ ባሏ ወደሚሠራበት ዱባይ ልትሄድ ነበር። ባሏ ሂባን ከስልክ ውጪ አይቷት አያውቅም። ቪዛው ሊቃጠል ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ትኬቱም ቀኑ የማይቀየረው ርካሹ ዓይነት ነው። አውሮፕላኑ ካመለጣት ሌላ ትኬት መግዣ አልነበረንም።

እንዴት እንደምናደርሳቸው የማጥናቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ስለሆንኩ ወረቀት የሚነካው ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም አልጠላውም፤ ሰው ፊት ከመናገር ወረቀት ይቀለኛል።

በስልክ የሚጠራው ታክሲ አንድ መኪና አይበቃንም። ሁለት ከጠራን ደግሞ እናትና ልጅ ሊለያዩ ነው። የኮንትራት ሚኒባስ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ጠየቀን፤ ጠብቆ የሚመልሰን ከሆነ ሌላ ሂሳብ አለው። በመጨረሻ ጎረቤታችን ጋሼ ከድር፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡት፣ ነዳጅና ፓርኪንግ ከእኛ፣ መኪናና ሹፌር ከእሳቸው እንዲሆን ወሰኑ። ሹፌሩ ራሳቸው ናቸው።

ከሁለት ቀን በፊት ብቻዬን በታክሲ ቦሌ ሄጄ አካባቢውን አየሁ። መንገደኛ የሚወርድበት በር ላይ መኪና ከጥቂት ደቂቃ በላይ አያስቆሙም። ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም። ከፓርኪንጉ እስከ በሩ ልጅ ታቅፎ አሥር ደቂቃ ያህል ያስኬዳል፣ ስለዚህ ልጆቹንና ሻንጣውን መጀመሪያ በሩ ላይ ማውረድ ይሻላል። ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ያልጻፍኩት የጋሼ ከድርን የመኪና አቋቋም ብቻ ነው።

ከጠዋቱ 3፡00፣ ሶማሌ ተራ

ሚኒባሷን ለማምጣት ከጋሼ ከድር ጋር ሱቃቸው ድረስ ሄድኩ። እዚያ መኪና የሚቆመው በአንድ መደዳ አይደለም፤ ከመደዳው ፊት ሌላ መደዳ አለ። ከፊት የሚያቆም ሰው ማርሹን ያወጣል፣ የእጅ ፍሬኑን ይለቃል፣ በሩን ቆልፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ከኋላ ያለው መውጣት ሲፈልግ የመኪና ጠባቂው ተሾመ በትከሻው ገፋ አድርጎ መንገድ ይከፍታል። ሚኒባሷን ካቆሟት ቦታ ሦስት ሱቅ ወዲያ አገኘናት። ጋሼ ከድር አልደነገጡም። ዛሬ ብዙም አልራቀችም አሉና ሞተሩን አስነሱ።

ቤት ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ለሽኝት ወጥቷል። ሁለት ሴቶች አብረው ሊሄዱ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆመው ነበር፤ ቦታ የለም ማለት አቅቶኝ ወደ ሰሚራ ዞርኩ። እሷ ስማቸውን እየጠራች ሳመቻቸውና እዚያው ተሰናበተቻቸው። ከሥራ ባልደረባዬ የተዋስኩትን የሕፃን ወንበር አሰርን፤ ሂባ ገባችበት። ፓስፖርቶቹን የያዘውን ሰማያዊ ክላሰር አብዱ በእስክሪብቶ እንዳይሞነጫጭረው ከሂባ ወንበር ሥር ሸጎጥኩት። ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

4፡10፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

ድልድዩ ጋ መንገዱ ተዘጋ። አንድ የጭነት መኪና ፍራሽ እያራገፈ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ፍራሹን በራሳቸው ላይ አድርገው በመኪኖቹ መሃል ያልፋሉ። አብዱ ሽንቱ መጣ። ለዚህ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ይዤ ነበር፤ ከዝግጅቴ ሁሉ ያለ እንከን የሠራው እሱ ነው። በመስኮት ሙዝ ገዛን። አብዱ ግማሹን በላ፣ ግማሹን የጋሼ ከድር ኮት ላይ ቀባው። ሰሚራ ይቅርታ ስትጠይቃቸው ኮቱ ከሙዙ ይበልጣል ወይ ብለው ሳቁ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ሃምሳ ደቂቃ ቆመን ተንቀሳቀስን።

6፡00፣ ቦሌ

በሩ ላይ ሰሚራን፣ ልጆቹንና ሻንጣዎቹን አወረድን። አብዱ ግን አንድ ጫማውን አውልቆ የሆነ ቦታ ጥሎታል። ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ጥበቃው መኪናው እንዲነሳ አዘዘ፤ ጋሼ ከድር እኔን እንደያዙ ነዱ።

ፓርኪንጉ ሞልቶ ነበር። ጋሼ ከድር ሁለት ዙር ዞረው ከሁለት መኪኖች ፊት አቆሙ፣ ማርሹን አወጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቁ። አየሁ። ጋሼ፣ እዚህ እንዲህ አይቆምም ማለት ነበረብኝ። በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው፣ ያውም በነፃ ያመጣንን፣ ማረም ከበደኝና ዝም አልኩ። በዚያ ላይ ጫማውን ከመቀመጫው ሥር አግኝቼው ደስ ብሎኛል። ጫማዬን ይዤ፣ ማለቴ የአብዱን ጫማ ይዤ፣ እየሮጥኩ ወደ በሩ ሄድኩ። ጋሼ ከድር ተከተሉኝ።

ሰሚራ ሂባን አዝላ ቆማለች። ጫማውን ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

"ሀዩ፣ ክላሰሩስ?" አለችኝ።

እጄ ላይ ያለው ጫማ ብቻ ነው።

ጋሼ ከድር ቁልፉን ሰጡኝና አብዱን ታቀፉት። መንገደኛ መቀበል የሚያቆሙት 8፡00 ላይ ነው፤ ገና ጊዜ አለ እያልኩ ሮጥኩ። ስደርስ ሚኒባሷ የለችም። ከኋላዋ ከነበሩት ሁለት መኪኖችም አንዱ ሄዷል።

ፓርኪንጉን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ሰው በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር ልጠይቅ አፌን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። በዚህ ሃያ ደቂቃ አለፈ። በመጨረሻ ሂባ ፀሐይ ላይ መሆኗ ትዝ አለኝ። አንዲት ጥበቃ ከወዲያ ጥግ ቆማ አየሁና እዚያ እስክደርስ አልጠበቅኩም፤ ከሩቅ ጮህኩ።

"እህቴ! ነጭ ሚኒባስ እዚህ ነበረች!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጥበቃዋ ወደ እኔ መጣች።

"የእናንተ ናት? ማነው እጅ ፍሬን ሳይዝ መኪና የሚያቆመው?"

"የመርካቶ ሰው ነው" አልኳት። 

ሳቀች። "ገብቶኛል። እኔም የዚያው ሰፈር፣ የመሳለሚያ ልጅ ነኝ። ከኋላዋ ያቆመው ሰውዬ መውጫ አጣሁ ብሎ ሲጮህ ባልደረቦቼ ማንሻ መኪና ሊጠሩ ነበር። ቆይ እስቲ ብዬ ገፋ ባደርጋት ሄደች።"

እስከ ታችኛው አጥር ገፍተዋት ከጎማዋ ፊት ድንጋይ አድርገውባት ነበር፤ በአንድ ትልቅ አውቶቡስ ተሸፍና ነው ያላየኋት። ክላሰሩ ከሂባ ወንበር ሥር እንደተሸጎጠ ነው። ጥበቃዋን አቀፍኳት። የማላውቀውን ሰው አቅፌ አላውቅም።

በሩ ጋ ስደርስ 7፡05 ነበር። ሰሚራ አልተቆጣችም። ክላሰሩን ከፍታ ሦስቱን ፓስፖርት ቆጠረች፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ገባች። አብዱ ሁለቱንም ጫማ አድርጎ በመስታወቱ ውስጥ እጁን አወዛወዘልን።

መልስ

ፓርኪንጉን ከፍለን ስንወጣ ጋሼ ከድር ምን እንደተፈጠረ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ሲያቆሙ አይቼ ዝም ማለቴንም ጭምር። እሳቸውም "ልጄ፣ ያየሽውን መናገር ነውር አይደለም" አሉኝ። ከዚያ ሳምቡሳ ገዝተውልኝ እየበላን ተመለስን። ነዳጁና ፓርኪንጉ ተደምሮ ኮንትራቱ ከጠየቀን ግማሽ አልሞላም።

ከሕፃን ጋር ወደ ቦሌ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ይህን ነው፦ በሰዓታችሁ ላይ ለድልድዩ አንድ ሰዓት ጨምሩ፣ ባዶ ጠርሙስ ያዙ፣ ፓስፖርት ከሰው ገላ አይለይ። መኪናችሁ ስትጠፋ ደግሞ ሁለት ጊዜ አትዙሩ፤ መጀመሪያውኑ ጠይቁ።

ሶማሌ ተራ ስንደርስ ከዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሰሚራ ከመነሳታቸው በፊት "ገብተናል፣ ሁለቱም ተኝተዋል" ብላ ጽፋልኛለች። ጋሼ ከድር እንደ ልማዳቸው ከመደዳው ፊት አቆሙ፤ የዛሬው ትምህርት ገና አልለቀቃቸውምና ማርሹን አስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳቡ። ወንበሩን አውጥቼ ቁልፉን ሱቅ እንዳስቀምጥላቸው ነግረውኝ ለአስር ሶላት መስጊድ ሄዱ።

ወንበሩን ይዤ ብዙ ሳልርቅ ጥሩምባው ቀለጠ። ከኋላ ያሉት ባለመኪኖች ሊወጡ ነው። ተሾመ ሚኒባሷን ይገፋል፣ ንቅንቅ አትልም።

"ጋሼን ምን አድርገሽ መለስሽብን?" አለኝ።

"ቁልፉ እኔ ጋ ነው! አንዴ ታገሱ!" ብዬ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገርኩ። በሩን ከፈትኩ፣ ማርሹን አወጣሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ። ተሾመ በትከሻው ገፋ አደረጋት፤ ቀስ ብላ ሄደች።