ጥሬ ሥጋ የበላች ፍየል

ይህን ለባለቤቴም አልነገርኩም። ዲላ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ ጥናቴ የበግና የፍየል የኮሶ ትሎች በዘረመል ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚመረምር ነበር። እኔና አማካሪዬ ከዲላና ከይርጋጨፌ ቄራዎች አንጀት እየሰበሰብን፣ ትሎቹን እያወጣን አልኮል ባለበት ብልቃጥ እናስቀምጥ ነበር። ከሁለታችን በቀር ብልቃጦቹን የሚነካ አልነበረም። አማካሪዬ ቆጣ የሚሉ ሰው ናቸው። "ጥሬ ሥጋ እንዳትቀምሺ፤ የእኛ ሙያ ሰው ኮሶ ቢይዘው መሳቂያ ነው" ይሉኝ ነበር።

አንድ ጠዋት መጸዳጃ ቤት ከእኔው የወጣ ነጭ ቁራጭ አየሁና ክው አልኩ። ያለ ጓንት የነካሁት የፍየል ትል ወደ እኔ የተሻገረ መሰለኝ። በዓይኔ አጣርቼ እንዳልለየው ፍርሃቱ አላስቻለኝም። ሐኪም ዘንድ መሄድ ደግሞ አፈርኩ። ስለዚህ ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ "ፍየል" ብዬ ጻፍኩበትና ለምርመራ አዲስ አበባ ከሚላኩት ጋር ቀላቀልኩት።

ውጤቱ ሲደርስ የአዲስ አበባው ላቦራቶሪ ባለሙያ ደወለች። አማካሪዬ እኔም እንድሰማ የስልካቸውን ድምፅ ከፍ አደረጉት።

"ዶክተር፣ የእናንተ አገር ፍየል ጥሬ ሥጋ ይበላል እንዴ?" አለች እየሳቀች። "ከበሬ ሥጋ የሚመጣውን የሰው ኮሶ እኮ ነው የላካችሁልን።"

የፍየል አለመሆኑ ቢያሳርፈኝም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አማካሪዬን ግን ከእኔ ይብስ ላብ አጠመቃቸው።

"ስህተት ይሆናል፣ ሰርዢው" አሉ ተጣድፈው።

"ሁለቱንም ልሰርዝ?" አለች።

እኔ የቀላቀልኩት አንድ ብቻ ነበር።