የሞተ ሰው ይስጧት

ቲያትር ቤት ሥራ የገባሁ ቀን አኮርዲዮኔን አንግቼ፣ ጸጉሬን በቅባት አስተኝቼ ነው የሄድኩት። ኦርኬስትራው መሃል የሚያስቀምጡኝ መስሎኝ! አለቃችን ጋሽ ወርቁ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "አንተ ለፈተና ክፍል ነህ" አሉኝ። ቲያትር ቤቱ ያን ጊዜ የሙዚቃዊ ቲያትር ማሠልጠኛ ከፍቶ ነበር። ለመግባት ያመለከተ ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ይተውናል፣ ይዘፍናል፣ ይወዛወዛል። እኔ ዘፈኑን አጅባለሁ።

የመጀመሪያው ተፈታኝ ከአስኮ የመጣ ቀጭን ልጅ ነበር። መግቢያውን በለመድኩት ድምፅ አሳምሬ ተጫወትኩለት። ልጁ አፉን ሲከፍት እሱ ሌላ፣ አኮርዲዮኑ ሌላ። ጋሽ ወርቁ በእርሳሳቸው ጠረጴዛውን ቀጠቀጡት።

"ፈተናው የማን ነው? ያንተ ነው የሱ?"

ጣቶቼን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ።

"መጀመሪያ ልጁ ያዚም። ድምፁ የት እንደሚያርፍ ስማ። ከዚያ በኋላ ወናፍህን ክፈት!"

ቁጣቸው ለጆሮ የሚከብድ ሰው ነበሩ፤ ግን ያሉት ልክ ነበር። ከዚያ ወዲያ ተፈታኙን አስቀድሜ በቀስታ አስዜመዋለሁ፣ ድምፁ ያረፈበትን አገኛለሁ፣ ከዚያ እገባለሁ። ያጃቢ ሙያ ይኸው ነው፤ የቀረው ጌጥ ነው።

ኮልፌ ጎረቤቴ የነበሩት እትዬ ባዩሽ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጡ ነበር። ባላቸው ጋሽ ተሰማ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። መኪናዋ ከወጣች እስክትመለስ ድረስ እትዬ ባዩሽ እህል አይወርድላቸውም። ልጃቸው አስካለ ደግሞ ዘፋኝ ናት። በሰፈራችን እሷ ያልዘፈነችበት ሠርግ፣ ሠርግ አይባልም።

ማሠልጠኛው እንደተከፈተ የነገርኳት እኔ ነኝ። እትዬ ባዩሽ ሰምተው በሬን ደበደቡት።

"አንድ ጊዜ ትሞክር" አሉ። "ካለፈች አለፈች። ከወደቀች ከኔ ጋር በበርበሬ ስታስነጥስ ትኖራለች፤ ቲያትር የሚባል ነገር ሁለተኛ ቤቴ አይነሳም። አንተም አለህበት! ልጄ አንድ ነገር ብትሆን ከራስህ አልወርድም።"

"በኔ ይሁንብዎት፣ እትዬ" አልኩ። ምን ቆርጦኝ እንዳልኩ እንጃ።

የፈተናው ቀን እናትና ልጅ አብረው መጡ፤ ጋሽ ተሰማ አሰብ መንገድ ላይ ነበሩ። እትዬ ባዩሽ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ፣ አስካለ ገባች። ፈታኞቹ ከፊት ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ ጋሽ ወርቁ መሃል ናቸው። እኔ መድረኩ ጥግ ነኝ። የመጀመሪያው ፈተና ትወና ነበር።

"የናትሽ መርዶ መጥቶልሻል" አሉ ጋሽ ወርቁ። "አልቅሺ፣ እንይሽ።"

አስካለ ፍንክች አላለችም። "እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች" አለች።

"ትቀመጥ! ትወና ነው።"

"ቢሆንም፣ ጋሼ። በቁሟ አላለቅስባትም።"

ጋሽ ወርቁ ውጭ አገር ተምረው የመጡ ሰው ናቸው፤ ነገሩ አልገባቸውም። "የታዘዘውን የማይጫወት ተዋናይ እኔ ጋ ቦታ የለውም" ብለው እርሳሳቸውን አነሱ። እርሳሱ ከተነሳ አለቀ ማለት ነው፣ ስም ይሰረዛል። የበርበሬው ሽታ ከወዲሁ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

"ጋሼ!" አልኩ ሳላስበው።

"አንተ አኮርዲዮንህን ያዝ!"

"ይዣለሁ። ልጅቷ እምቢ ማለቷ አይደለም፣ ሟርት ብላ ፈርታ ነው። የሞተ ሰው ይስጧት።"

"ምን አልክ?"

"የሞተ ሰው ይስጧትና ይዩዋት።"

ሌሎቹ ፈታኞች ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑ። ጋሽ ወርቁ ግን እርሳሱን አስቀመጡት። "የሞተ ዘመድ አለሽ?" ብለው ጠየቁ።

"አያቴ አለ" አለች አስካለ። "ማለቴ፣ የለም። ካረፈ ቆይቷል።"

"በይ እሱን አልቅሺልን።"

ልጅቷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ፣ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ አልቃሽ ወዲያ ወዲህ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ለቀቀችው፤

"ቤቱን ያለ ምሰሶ ምን አቆመው ብዬ፣
ለካ አንተ ኖረሃል ምሰሶው፣ አባብዬ!"

እኔ ከሥር አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ይዤላት ቆየሁ፣ እንባዬም መጣ። አያቷን አላውቃቸውም እኮ! "አባብዬ" እያለች ደጋግማ ስትጣራ ድምፅዋ እስከ በረንዳው ድረስ ይሰማ ነበር።

ይኼኔ በሩ ተበረገደ።

እትዬ ባዩሽ ናቸው! ነጠላቸው መሬት ለመሬት እየተጎተተ፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ "ተሰማዬን! ወየው ተሰማዬን! የቱ ገደል በላብኝ!" እያሉ መድረኩ ድረስ መጡ። ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁት ተፈታኞች እያለቀሱ ገቡ። ዘበኛውም ኮፍያውን አውልቆ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቀም።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አስካለ አያቷን "አባብዬ" ትላለች፣ አባቷን ደግሞ "አባ" ትላለች። በበሩ ያለፈው "አባ" የሚለው ብቻ ነው። እናትየዋ የባላቸውን መርዶ ለልጃቸው በጓሮ በር ገብቶ የነገራት ሰው ያለ መስሏቸዋል።

"እማዬ፣ አባ ደህና ነው!" አስካለ ዘላ አቀፈቻቸው። "አያቴን ነው! ለፈተና ነው!"

"ማን ሞተ?"

"ማንም! ማንም አልሞተም!"

እትዬ ባዩሽ መድረኩ ጠርዝ ላይ ዘፍ አሉ። "ተመስገን" አሉ። "ተመስገን፣ ተመስገን።" ከዚያ ቀና ብለው አዩን፣ ያን ጊዜ ጉድ ፈላ።

"ባሌ መንገድ ላይ እያለ ታስለቅሱበታላችሁ? ሟርተኞች! ነይ ውጪ!" የልጃቸውን እጅ ጨብጠው ተነሱ። እኔን ሲያዩኝ አኮርዲዮኑን ጋሻ አደረግኩት።

ጋሽ ወርቁ ከወንበራቸው ተነስተው እጅ ነሱ። እንደዚያ ለማንም ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቴ። ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ዘፈኑ ይቀራታል፣ ሳትዘፍን ከወጣች ላሳልፋት አልችልም።"

"አትለፍ!"

አስካለ እግሯን ተከለች። "እማዬ፣ ልቅሶ ጀምሬ ሳልዘጋው ይዘሽኝ ልትሄጂ ነው? ነጠላዬ እንደተዘቀዘቀ ቤት ልግባ? አይከተለንም?"

እትዬ ባዩሽ ቀጥ አሉ። የገዛ ሟርታቸው ያዛቸው። ጥቂት አሰቡና እጇን ለቀቁ።

"በይ ዝፈኚ እንግዲህ! የሠርግ ይሁን። ቶሎ በይ፣ እዚሁ ይቅር!"

ልጅቷ ነጠላዋን አቃንታ በቀስታ አዜመችልኝ። ድምፅዋ ያረፈበትን አግኝቼ ወናፉን ከፈትኩ። እንደዚያ ቀን የተጫወትኩበት ቀን የለም። ትከሻዋን ለእስክስታ ስትነቀንቀው እትዬ ባዩሽ፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ ሟርቱን ለመስበር እልል አሉ። ያለቀሱት ተፈታኞች ጭብጨባውን ተቀበሉ፣ ዘበኛውም አጨበጨበ። ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ይጠርጉ ነበር።

ስም ሲጠራ የአስካለ ተጠራ። እትዬ ባዩሽ ግን በዚህ አልተረቱም። ወደ ኮልፌ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ ወጣቸው። "ተሰማ በእግሩ ቤቴ ሳይገባ ወደዚያ ትምህርት ቤት እግርሽን አታነሺም።"

እነዚያን ቀኖች እንዴት አድርጌ እንደኖርኩ አትጠይቁኝ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሦስታችንም ደጅ ነን። ሰውየው ያን ሰሞን አንድ ነገር ቢሆኑ አስካለ በዕድሜ ልኳ ሁለተኛ አትዘፍንም፣ እኔም አገር እለቃለሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የመኪናዋ ጥሩምባ ተሰማ። ጋሽ ተሰማ አቧራ ለብሰው ወረዱ፣ ዘይት ዘይት ይላሉ። እትዬ ባዩሽ በባዶ እግራቸው ሮጠው ባላቸውን ደረታቸው ላይ በቡጢ መቷቸው።

"ሞተህ ነበር እኮ!"

"ማን አለሽ?"

"ልጅህ!"

ጋሽ ተሰማ ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ። እኔ ሳቄ መጣ፤ እፎይታ ነው መሰለኝ ሳቁ አላቆም አለኝ። እትዬ ባዩሽም ሳቁ። አስካለ ከበሩ ላይ ሆና፣ "እንግዲህ ሰኞ ልሂድ?" አለች።

"ሂጂ" አሉ እናቷ። "አባትሽን ግን ተይልኝ።"

ፈተና ክፍል እስከ ጡረታዬ ሠራሁ። ለአዲስ ፈታኞች የምነግራቸው ይኼንኑ ነው። ተፈታኝን በቁም ባለ ሰው አታስለቅሱት፣ ልቅሶውን በዘፈን ሳይዘጋ አትሸኙት። በሩ ላይ ማን ተቀምጦ እንደሚጠብቀውም አስቀድማችሁ ጠይቁ።