የአባቴን የባቡር ጡሩንባ የነፋሁ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሞቼ ነበር... አትደንግጡ፣ ብዙም አልቆየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ሶዶ ሲመለስ አንድ ሣጥን አሮጌ ዕቃ ይዞ መጣ። ፋኖስ፣ የሥራ ኮፍያ፣ የሐዲድ ቁራጭ፣ ሐዲድ የሚጠግኑት ሰዎች ባቡር ሲመጣ እርስ በርስ የሚጠራሩበት የነሐስ ጡሩንባ... እሱ ካረፈ በኋላ እኔና ጓደኞቼ የውጪውን ክፍል አጽድተን «የባቡር ሙዚየም» የሚል ታፔላ ሰቀልን። ባቡር ዝር ብሎበት በማያውቅ ከተማ!

በዘመኑ ቋንቋ አንድ ለአምስት ተደራጅተን፣ በነፃ ነበር የምንሠራው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እንፍቃለን፣ ነሐሱን በሎሚና በአመድ እናሻለን። ቅዳሜ ቅዳሜ በር ከፍተን ጎብኚ እንጠብቃለን።

ከዚያ አንዱ ሐዋሳ ሥራ አገኘ። አንዱ አረካ አግብቶ እዚያው ቀረ። ሌሎቹ «ስብሰባ አለብኝ» ማለት አበዙ። ይኸው አምስቱ ሄደው አንዱ ቀረሁ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያወራኝ ሬዲዮ ብቻ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሙዚየሙን ከፍቼ የምቀመጠው ለባቡሩ ብዬ አይደለም... በሩ ሲንኳኳ ለመስማት ነው።

ማን ያንኳኳ! ልጄ ደግሞ «አዲስ አበባ ና፣ እኔ ጋ ኑር» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ስለዚህ ወሰንኩ። ይችን ቅዳሜ ልያት፣ ሰው ካልመጣ ዕቃውን ድሬዳዋ ላሉት የአባቴ ባልደረቦች ልኬ ቤቱን እዘጋለሁ አልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ሳይጸዳ የቀረው ጡሩንባው ብቻ ነበር። ውስጡን ጭቃና የሸረሪት ድር ደፍኖት ዓመታት ድምፅ አልነበረውም። በሽቦ ስጎረጉረው ቆይቼ ተከፈተልኝ። ግቢዬ መሃል ቆሜ ሳንባዬ እስኪወጣ ነፋሁት። ድምፁ ዳሞታ ተራራ ደርሶ የተመለሰ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ደገምኩት። ከዚያ አንዴ ደግሞ፣ ለአባቴ ብዬ።

እንግዲህ በእኛ ሰፈር በማለዳ ጡሩንባ የሚነፋው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ዕድሩ ሰው መሞቱን ሲናገር። እኔ የዕድር አባሉ ይህን መርሳቴ!

ፊቴን ታጥቤ ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ልቤ ዘለለች። ጎብኚ! ሮጬ ከፈትኩ... ጎረቤቴ እትዬ አማረች ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ በአገራችን ቋንቋም በአማርኛም «ታ ኢሻው! ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን ትመታለች። ስታየኝ ወደ ኋላ ተስፈነጠረች።

«በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም ሂድ!»

«የት ልሂድ እትዬ? ቤቴ እኮ ነው!»

ከኋላዋ የዕድሩ ሰዎች የድንኳን ቋሚ ተሸክመው ቆመዋል። ከእነሱ ኋላ ሰፈሩ በሙሉ። መጨረሻ ላይ የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ አቶ ባሳ የራሱን ጡሩንባ ብብቱ ሥር ሸጉጦ እያለከለከ ደረሰ። እሱን ያናደደው ሌላ ነው።

«ማን ነው እኔ እያለሁ የነፋው?»

የአባቴን ጡሩንባ አሳየኋቸው። ከዚያ እትዬ አማረች ሳቅና ለቅሶ ተደባልቆባት መሬት ላይ ዘጭ አለች።

«ከመጣችሁ አይቀር ግቡ» አልኳቸው።

ገቡ! ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ ፋኖሱን አዩ፣ ኮፍያውን እየተቀባበሉ ለኩት። አንድ ሽማግሌ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው ቃኙና «ባቡሩስ?» አሉኝ።

«ባቡሩ ድሬዳዋ ቀረ፣ አባባ።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ በባዶ ሜዳ ነዋ ያስለቀስከን!»

ሳቅን። እኔ ቤት ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አቶ ባሳ ሲነፋ የሟቹን ስም ይጠራል። ካልጠራ ማን ቤት እንደሚኬድ አይታወቅም። እኔ ደግሞ ነፋሁ እንጂ የማንንም ስም አልጠራሁም።

«እትዬ አማረች፣ የሞትኩት እኔ መሆኔን ማን ነገራችሁ?»

ሳቁ ቆመ። እርስ በርስ ተያዩ።

«ማንም» አለች ቀስ ብላ። «ድምፁን ስንሰማ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሁላችንም... አንተ ነህ ብለን ወጣን። ብቻህን ነህ እኮ ወንድሜ። ሁሌ እንፈራለን።»

«ከፈራችሁ ለምን አንድ ቀን አትመጡም?» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ሰፈሩ ሙሉ ሲያስበኝ ኖሯል፣ ግን እንደ ሟች። ልደሰት ወይስ ልከፋ... ግራ ገባኝ።

ዕቃውን ግን አልጠቀለልኩም። ለልጄም ደውዬ «ትንሽ ታገሺኝ» አልኳት።

ከቅዳሜ ወዲህ አቶ ባሳ ጠዋት ጠዋት በአጥሬ በኩል ሲያልፍ «አለህ?» ይለኛል። እኔም ከውስጥ «አለሁ!» እላለሁ። ናፍቄው ይሁን ሥራውን እየተከታተለ... ገና አልለየሁም።