ሌንሳ ግጥም በምትጽፍበት ዘመን

ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጄን ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኖ ሲነጫነጭ ስለዋለ፣ መንገድ ዳር ከምትሸጥ ሴት እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ገዝቼ አፈላሁለትና አብረን ብርድ ልብስ ተከናንበን እንፋሎቱን ታጠንን። እሱ በሙቀቱ ተደስቶ ይስቃል፤ እኔ ግን ያ ሽታ ገና ሳንባዬ ሳይደርስ ከቡራዩ አልፎ ገፈርሳ ግድቡ ዳር፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ውሃ የሚያንጠባጥቡት ዛፎች ሥር ወስዶ አቆመኝ። ልጄ «እማ፣ አንቺንም አሞሻል?» አለኝ፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። እንፋሎቱ ነው አልኩት።

አባቴ ከወሎ መጥቶ ቡራዩ ላይ ሱቅ የከፈተው እኔ ፊደል ሳልቆጥር በፊት ነው። ሳሙና፣ ስኳር፣ ላምባ፣ የጎማ ጫማ፣ የሚስማር ዓይነት ሁሉ እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ተደራርቦ ይኖር ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ ስሸጥ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከደንበኛ አፍ ስለለቀምኩ፣ ሰው ስኳር ብሎ ሲሄድ በየትኛው ቋንቋ እንደጠየቀኝ ዞሮ ትዝ አይለኝም። ሌንሳን ያገኘኋት ግን ሱቅ ውስጥ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ አንድ ዴስክ ላይ ተመደብን። ከገፈርሳ ማዶ የሚያርሱት የኦቦ ቶሌራ ልጅ ናት። ዝናብ ሲጥል ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጣ ትመጣና ግቢ ከመግባቷ በፊት ቦይ ዳር ቁጢጥ ብላ ጫማዋን እንደ ድስት ፈትጋ ታጥባለች። ከዚያ ክፍል ገብታ፣ እግሯ እየቀዘቀዘ፣ በመስኮት የወጨጫን ተራራ ደመና አሻግራ እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። መጀመሪያ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር።

ግጥም ነበር። አማርኛ የሚያስተምሩን ቲቸር ዳንኤል የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያም ኃላፊ ስለነበሩ፣ በእረፍት ሰዓት ቢሮው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የተማሪ ግጥም ያስነብቡ ነበር። ሁለት ስንኝ፣ ቢበዛ አራት እንጂ ከዚያ በላይ አይቀበሉም፤ «ረጅም የሚጽፍ ተማሪ የሚለውን ገና አላገኘም» ይሉ ነበር። እኔ ለአንድ ጽጌረዳ ገጽ ሙሉ ስፈጅ፣ ሌንሳ የቤታቸውን የሚያፈስ ጣሪያ አስባ እንዲህ ብላ ሰጠቻቸው፦

ሐምሌ እንግዳ ሆኖ በሬን ቢያንኳኳው፣
ጣሪያው ቀድሞኝ ኖሮ አልቅሶ አስገባው።

ቲቸር ዳንኤል አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ደግመው አነበቡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ውስጥ «የሐምሌዋ ልጅ» ተባለች። እኔም ቀናሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ ደስ ነው ያለኝ፣ የራሴ ሰው እንደተሞገሰ።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ እስከ ግድቡ እሸኛታለሁ። መስከረም ሲሆን ሜዳው በአደይ ቢጫ ይሆናል፤ ጥቅምት ላይ ንፋሱ ይደርቅና ባሕር ዛፉ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ ታኅሣሥ ጠዋት ውሃው ላይ ጉም ተኝቶ ዳክዬዎቹ የሚሰሙ እንጂ የሚታዩ አይሆኑም። ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ሳትል አታልፍም፤ አንዳንዴ በኦሮምኛ ጀምራ ቤት መምታቱ ሲያስቸግራት ወደ አማርኛ ትሻገራለች፣ አንዳንዴ ተቃራኒውን። ወንድሟ ደራራ ወተት አድርሶ በብስክሌት ሲመለስ መንገድ ላይ ይደርስብናል። ባዶ ጣሳዎቹ እየተንኳኩ ከሩቅ ስለሚሰማ ሌንሳ ወዲያው ዝም ትላለች። እሱም ፍሬን ይዞ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ፣ «ዛሬ ማንን ነው የገጠማችሁት? ላሚቱን ነው?» ይለናል። የእህቱን ግጥም አንድ ጊዜ ከሰማ ግን አይረሳም። እሷ ያፈረችበትን ሳይቀር በማግስቱ እያንጎራጎረ ይመጣል።

የፍቅር ግጥምም ነበረን። ሁለታችንም ማንንም ወደን አናውቅም፤ የወደዱ ግን ሞልተው ስለነበር እያዘዙን፣ ፓስቲ እየገዙልን እንጽፍላቸው ነበር። አንዴ ተሳስተን ለሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ግጥም ሰጠን፤ ሁለቱም ወስደው ለአንዲት ልጅ ሰጡ። ልጅቷ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጋ አይታ «እኔስ የጻፈውን ነው የወደድኩት» አለች ተብሎ ሳምንት ሙሉ ተሳቀ። ከሚያዙን መካከል ግን አንድ ሀብታሙ የሚባል ዝምተኛ ልጅ ነበር። የሚወዳት ልጅ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤቱ ናት፤ በየቀኑ ያያታል፣ ተናግሯት ግን አያውቅም። ሌንሳ ታሪኩን ሰምታ ግድቡ ዳር ቁጭ አለች። የግድቡ ውሃ ወደ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው፤ ያኔ የኛ ሰፈር ቧንቧ በሳምንት አንዴ ውሃ ከመጣለት ትልቅ ነገር ነው፣ ጀሪካን ተሸክሞ መሰለፍ የልጅነታችን ግማሽ ነበር። ውሃውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንዲህም አለች፦

ከተማው በሙሉ ከገፈርሳ ይጠጣል፣
እኔ ዳሩ ቆሜ ጥሜ ይበረታል።

ሀብታሙ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከቶ ሄደ። ለልጅቷ ይስጣት አይስጣት አላውቅም።

ማስተር ፕላን የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከአባቴ ደንበኞች ነው። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ሰበታንም ሱሉልታንም እኛንም ልታጠቃልል ነው እየተባለ ሱቁ በር ላይ ይወራል፤ አንዱ መንገድ ይመጣል ይላል፣ ሌላው መሬታችን ይሄዳል ይላል። አንድ ቀን ኦቦ ቶሌራ ማሳ ላይ ጫፉ ቀይ የተቀባ የመሬት ቅየሳ ችካል ተተክሎ አደረ። ደራራ ነቅሎ ወረወረው፤ አባቱ ሄደው አንስተው እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ መለሱት። «አንተ ነቅለህ ትሄዳለህ፣ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አሉት። ሌንሳ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ይመስል ነበር።

በዚያው ሰሞን ቲቸር ዳንኤል የፍቅር ግጥም ሳምንት እናድርግ ብለው ሀብታሙ ካስቀመጠው ይሁን ከሌላ ሰው እጅ የደረሳቸውን ያንን ስንኝ ለሚኒ ሚዲያ መረጡት። እኔ ነበርኩ አንባቢዋ። «ጥሜ ይበረታል» ብዬ ስጨርስ ሜዳው ጸጥ አለ፣ ከዚያ ከወደ ኋላ ፉጨት ተነሳ፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ድገሚው፣ ድገሚው ይላሉ። ርዕሰ መምህሩ እየሮጡ ገብተው ገመዱን ከሶኬት ነቀሉት። ቲቸር ዳንኤል ተጠርተው ሲጠየቁ ዋሉ። ሚኒ ሚዲያው ተዘጋ። ሌንሳ በር ላይ ቆማ ግራ በተጋባ ፊት፣ «ለሀብታሙ እኮ ነው የጻፍኩት» ትላለች፤ ላገኘችው ሁሉ ትናገራለች፤ ማንም አልሰማትም።

ግጥሙ ግን ከእጇ ወጥቶ ነበር። ግድግዳ ላይ ተጻፈ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተባለ። ከሁሉ ይበልጥ የኮራበት ደራራ ነው፤ ጣሳዎቹን እያንኳኳ ከገፈርሳ እስከ ከተማው መግቢያ ኬላ ይለዋል። «እህቴ ናት» ይላል። ሌንሳ ተወው ብላ ለመነችው። እሱም፣ «አንቺ ጽፈሽ ጨርሰሻል፣ አሁን የኛ ነው» አላት። ይስቅ ነበር ሲላት።

ትምህርት የተቋረጠ ቀን ጠዋት መንገዱ ማስተር ፕላኑን በሚቃወም ወጣት ተሞላ፤ ጎማ ተቃጠለ፣ ድንጋይ ተደረደረ። አባቴ የሱቁን በር ከውስጥ ቆልፎ እናቴንና እኔን ከጤፍ ጆንያው ኋላ አስቀመጠን። መጀመሪያ ዘፈን ይሰማ ነበር። በመሃሉ ያችን ስንኝ ለየኋት፣ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲላት ሌላ ነገር ትመስላለች፣ ከባድና ቁጡ። ከዚያ ከወደ ኬላ ተኩስ ተሰማ። ከዚያ የሚሮጥ እግር። ከዚያ ምንም። ከቀትር በኋላ የጎረቤታችን ልጅ በሩን በቀስታ መታና፣ «ጋሽ ሰይድ፣ የኦቦ ቶሌራ ልጅ ወደቀ» አለ። አባቴ «የትኛው?» ሲል ሰማሁት፣ ደራራ ብቸኛ ወንድ ልጃቸው መሆኑን አሳምሮ እያወቀ።

ለቅሶ ስንሄድ ግቢው ሞልቷል። ጓደኞቹ ደረታቸውን እየደቁ ያችኑ ስንኝ ይደጋግማሉ። ሌንሳ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ይዛለች። ኦቦ ቶሌራ እኔን ሲያዩ አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ሁሌም እንደሚሉኝ «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ይሄ ልጆቹ የሚሉት ምንድነው? ልጄ ሲሞትም ይለው ነበር አሉኝ። ስለ ምንድነው?»

«ስለ ውሃ ነው፣ ኦቦ» አልኳቸው። 

ሌንሳ እጇን ከጆሮዋ አወረደች። «ስለ ፍቅር ነው፣ አባ» አለች።  ኦቦ ቶሌራ እሷን አዩ፣ ጓደኞቹን አዩ፣ ጭንቅላታቸውንም ቀስ አድርገው ነቀነቁ፣ ያልገባው ሰው ለትሕትና እንደሚነቀንቀው።

ከዚያ በኋላ ሱቁ አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ የሚውል ሆነ። አባቴ «ሰላም ከሌለ ሱቅ ቁም ሳጥን ነው» ብሎ ዕቃውን ሸክፎ ወደ መርካቶ ወሰደን። ልሰናበታት ስሄድ ሌንሳ ላም እያለበች ነበር፤ ተነስታ አቀፈችኝ፤ ስለ ግጥም አላነሳንም። ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር እኛ አዲስ አበባ ነበርን። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ «ለቶሌራ ማን ይንገረው?» አለ።

ዓመታት አለፉ። ቅጠሉን ባፈላሁ ማግስት ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቡራዩ ሄድኩ። ማሳው ቤት ሆኗል፤ ችካሉ የተተከለበት አካባቢ አሁን የብሎኬት መሸጫ ነው። ኦቦ ቶሌራ አርፈዋል። ሌንሳ ጤና ጣቢያ ውስጥ ክትባት ትሰጣለች፤ ነጭ ጋውን ለብሳ ስትወጣ ያወቅኋት በአረማመዷ ነው። ስለ ልጆቻችን አወራን፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቧንቧው፤ አሁንም በሳምንት አንዴ ነው አለችኝ። ወደ ግድቡ የሚወስደውን መንገድ ስንይዝ፣ ስፈራ ስቸር፣ ትጽፊያለሽ ወይ አልኳት።

 «ሰዓዳ» አለችኝ፣ «አጭር ግጥም ሰው ቶሎ ይይዘዋል። ደራራም ቶሎ ያዘው። ረጅም አድርጌ ጽፌው ቢሆን ኖሮ፣ ያን ቀን እቤት ቁጭ ብሎ ገና ሲሸመድድ አስበዋለሁ።»

 ቆመን ሳለ ወጨጫ ላይ ደመና ከበደ፣ ንፋሱ ውሃውን ከዳር እስከ ዳር አሸበሸበው፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎችም አቧራው ላይ ወደቁ። ሌንሳ ቀና ብላ ደመናውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እኔ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠበቅኩ፣ ያን ሁሉ ዓመት ወደ ኋላ የሚመልስ ነገር የምትል መስሎኝ።

«ልብስ አስጥቼ ነው የመጣሁት» አለችኝና ሻርፗን ራሷ ላይ ጥላ ቁልቁል ሮጠች።

እኔ እዚያው ቀረሁ። ደራራን የሚያስታውስ ሰው አለ፣ የሄደውንም መሬት የሚቆጥር አለ። ሌንሳ ሳትገጥማቸው ያለፉትን ክረምቶች ግን የሚቆጥራቸው የለም፤ ያም ዝናብ ማንም ምንም ሳይለው ዘነበ።