ልሳን መስሏቸው

እትዬ ባንቺአየሁን የሀበሻ ሱቆች በተደረደሩበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ የማያውቅ ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ በርበሬ አይበላም። ምላሳቸው ጤፍ ይቆላል። ከበርበሬ መሸጫቸው ጎን ባለው ሱቅ የሀበሻ ልብስ ስሸጥ ስኖር አንድ ቀን ዝም ብለው አላየኋቸውም። ዋጋ የሚከራከር ደንበኛ ከመጣ «አንተ እኮ ሰርግህንም በቅናሽ ነው የደገስከው» ይሉታል፤ እየሳቀ ከፍሎ ይወጣል።

የደም ግፊት እንዳለባቸው በፈረንጆቹ 2014 ተነገራቸው። መድኃኒቱን የሚውጡት ግን ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነበር። ልጃቸው ሉሊት በየጠዋቱ ከምትኖርበት ከቫን ናይስ ትደውላለች።

«እማዬ፣ ፕሬዠርሽን ቼክ አደረግሽ?»

«ዶሮ ነኝ እንዴ፣ ሳያመኝ ኪኒን የምለቅመው?»

የዚህ በሽታ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ሳያሳምም ይጎዳል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቃቸው ቆመው «ራሴን ፈለጠኝ፣ ዓይኔንም ጋረደኝ» አሉኝ። ሐኪም ቤት ይሂዱ ብላቸው «ከጸሎት በኋላ» አሉ። ከሰዓት ሃውቶርን ሰፈር፣ ወንድም እንግዳ የሚባል ምእመን ቤት የጸሎት ኅብረት ነበራቸው።

ሉሊት በኋላ እንደነገረችኝ፣ ልትወስዳቸው ስትደርስ እናቷ ተንበርክከው ምንም የማይገባ ቃል ያዥጎደጉዳሉ። ቤቱ በአሜን ይናወጣል፤ እህቶች በደስታ ያለቅሳሉ። እትዬ ባንቺአየሁ ልሳን፣ ያ በመንፈስ የሚነገረው ያልተማሩት ቋንቋ፣ እንዲሰጣቸው ስንት ዓመት እንደጸለዩ ሁሉም ያውቃል። ጉባኤው ዛሬ የተሰጣቸው መሰለው።

ሉሊት ግን ወደ ላይ የተዘረጋው ግራ እጃቸው ብቻ መሆኑን አየች። ቀኙ ተንጠልጥሏል፤ ከንፈራቸውም ተጣሟል።

«ደህና አይደለችም! እማዬ ደህና አይደለችም!»

«ተይ ልጄ፣ መንፈሱን አታቋርጪ» አሏት እህቶቹ። በፍቅር ነው ያሏት፤ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ክፉዎች ቢሆኑ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

ሉሊት 911 ደወለች። አድራሻ ሲጠይቋት በአሜኑ ጩኸት አልሰማ አላት፤ በባዶ እግሯ ወደ ውጭ ሮጠች። አምቡላንሱ ሲመጣ እትዬ ባንቺአየሁ ወለሉ ላይ ተዘርረው ነበር።

ሐኪሙ የጭንቅላታቸውን ራጅ እያሳየ አስረዳት። ግፊቱ ከሁለት መቶ ሠላሳ አልፎ አንጎላቸው ውስጥ ያለ ቀጭን ደም ስር አፈንድቷል። ደሙ የፈሰሰው በግራ በኩል፣ ንግግር በሚሰናዳበት ቦታ ነው።

«ሶ፣ ደሙ ሲደርቅ ትናገራለች?» አለችው።

«የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም» አላት።

አሁን ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ገና ስገባ ሉሊትን ይቆጧታል። ቅንድባቸው፣ የጣታቸው አወዛወዝ፣ የቁጣው ዜማ ሁሉ የራሳቸው ነው፤ ቃል ብቻ የለበትም።

«ውሃ ነው እማዬ? ትራስ? ቲቪውን ላጥፋው?»

ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ደግመው ይሞክራሉ። እኔም ያገኘሁትን ሁሉ እያነሳሁ አሳየኋቸው፤ ብርድ ልብስ፣ ማበጠሪያ፣ መጽሐፍ ቅዱስ። በስተመጨረሻ ጉልበቴን ይዘው፣ እንደ ልመና ቀስ ብለው፣ አንድ ረጅም ነገር ነገሩኝ። ዓይኔን እያዩ መልስ ጠበቁ። ምን እንደፈለጉ ሳናውቅላቸው፣ ደክሟቸው ተኙ።