ትንሹ ጠርሙስ

ልብስ ሰፊው ሚስቱ ታማ አልጋ ከያዘች ወዲህ የስፌት መኪናውን መኝታ ቤት አስገብቶ አጠገቧ ይሰፋ ነበር። እሷ ደግሞ በስልኳ ትንንሽ አውሬዎችን እየያዘች የምታዋጋበትን ጨዋታ ትጫወታለች። አንዱ አውሬ ሲቆስልባት ከጠርሙስ መድኃኒት ትረጭበታለች፤ ወዲያው ዘሎ ይነሣል።

አንድ ቀን ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀምጣ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለእኔ እንዲህ ያለ መድኃኒት አጣህልኝ?» አለችው።

«ማን አጣ ብሎሽ!» አለና ልብስ ሲተኩስ ውሃ የሚረጭበትን ጠርሙስ አንሥቶ እጇ ላይ ረጨት አደረገባት።

ሳቀች። እንደ አውሬዎቿ ብድግ ልትል በክርኗ ተደገፈች፤ ግን ትከሻዋ ከትራሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ተመልሶ ወደቀ።

«ይሄማ ትንሹ ነው» አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች። «በጨዋታው ትንሹ ጠርሙስ የሚያድነው ጭረት ብቻ ነው። ትልቁን አምጣልኝ።»

«እሺ፣ አመጣለሁ» አላት። ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ መርፌው ክር እንደሌለው ሳያይ ይረግጥ ጀመር።

በዚያው ሳምንት አረፈች። ለቅሶ የመጡት ዘመዶች «በመጨረሻ ምን አለችህ?» እያሉ ሲጠይቁት አንገቱን ይደፋል። የጨዋታ ጠርሙስ ለምናኝ ዋሸኋት ቢል ማን ይረዳለታል?